ለሒሳብ ውድድር ስትዘጋጁ መለማመጃ ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

"ዛሬ ስንት ጥያቄ ሠራህ?" ለሒሳብ ውድድር የሚዘጋጅ ልጅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ልጁም ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ይሠራል። የሚችለውን ይደጋግማል። ያቃተውን ደግሞ ከጀርባ መልሱን አይቶ "እንዲህ ነው እንዴ!" ይልና ያልፋል። ደብተሩ ይሞላል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል። ውድድሩ ላይ ግን የምትመጣው ያቺ የታለፈችው ዓይነት ጥያቄ ናት።

እኔ ብዛቱን ብትተዉት እመርጣለሁ። በሳምንት አሥር ጥያቄ ይበቃል። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ያለውን ሁሉ እስኪሰጣችሁ ድረስ ይሠራ። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እያሳየሁ እሄዳለሁ። ጽሑፉ በተለይ ከ6ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ነው፤ የሚያግዟቸው ወላጆችና መምህራንም ይጠቀሙበታል። ምሳሌዎቹን አንብባችሁ ብቻ አትለፉ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ውድድሩን እወቁት

ጥያቄ ከመሰብሰባችሁ በፊት የምትወዳደሩበት ውድድር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ልምምዱ የሚወሰነው በእሱ ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተለመደው መድረክ ላይ የሚካሄደው ጥያቄና መልስ ነው። ጠያቂው ያነባል፣ ተወዳዳሪው ሰምቶ ይመልሳል፣ ሰዓት ያዡ ይቆጥራል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። እዚህ ጥያቄውን ተመልሶ በዓይን ማየት የለም። ስለዚህ ከልምምዱ ከፊሉ በጆሮ መሆን አለበት። ታናሽ እህትም ትሁን አባት፣ አንድ ሰው ያንብብላችሁ። እናንተ ቁጥሮቹንና የተጠየቀውን ብቻ እየጻፋችሁ ስሙ። ወረቀት ላይ ብቻ ሲሠራ የከረመ ጎበዝ ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ "ይደገምልኝ" ሲል ሰዓቱ የሚያልቅበት ጆሮውን ስላላለማመደው ነው።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው የሚያገኙት ኤኤምሲ 8 (እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሚዘጋጅ የአሜሪካ የሒሳብ ውድድር) ደግሞ የጽሑፍ ነው። 25 ጥያቄ፣ 40 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ምርጫ፤ ካልኩሌተር የለም። ጥያቄዎቹ በጥቅሉ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ።

ከዚያ ከፍ ሲል ኦሊምፒያድ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማኒያ ውስጥ ተጀመረ፤ የመላው አፍሪካው እ.ኤ.አ. በ1987። ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በቀን ሦስት ጥያቄ፣ አራት ሰዓት ተኩል። አዎ፣ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እዚያ የመጨረሻዋን ቁጥር ጽፎ መውጣት ብዙም አያስገኝም። የሚታረመው ማስረጃው ነው፤ መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው ጽሑፍ ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለውድድር ብሎ የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተናዎችን ሰብስቦ ይሠራል። መጥፎ አይደለም፤ ግን እነሱ የሚለኩት የተማራችሁትን ነው። የውድድር ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ትምህርት ትንሽ ነው፣ የሚፈልገው ማሰብ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን የራሱን የውድድሩን የድሮ ጥያቄዎች ፈልጉ። የትምህርት ቤታችሁ የሒሳብ ክበብ ወይም ባለፈው ዓመት የተወዳደረ ተማሪ ጋ አይጠፋም። የኤኤምሲ የድሮ ጥያቄዎች አርት ኦፍ ፕሮብሌም ሶልቪንግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከነአሠራራቸው በነፃ ይገኛሉ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ወደ ደብተር ገልብጧቸው፤ መብራት ሲሄድም ሥራው አይቆምም።

ክብደቱን ለመለካት ከአንዱ ፈተና ስድስት ጥያቄ ውሰዱ። ስድስቱንም ከመለሳችሁ ቀሏችኋል፣ ወደ ላይ ውጡ። አንዱም ካልሆነላችሁ ወረድ በሉ። ግማሹ የሚሆንላችሁ፣ ግማሹ የሚያታግላችሁ ቦታ ላይ ስትደርሱ እዚያ ሰፍራችሁ ሥሩ።

አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ይህንን እንሥራ።

"2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። በዚያ ዓመት ካሉት ወራት ስንቶቹ እሑድ ይጀምራሉ?"

እርሳሱን አስቀምጡና አንብቡ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ምን ተሰጠኝ? ምን ተጠየቅኩ? የተሰጠው መስከረም 1 ሐሙስ መሆኑ ነው። ግን ጥያቄው ሳይናገር የሰጣችሁም አለ። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን ደግሞ ወር ናት። የተጠየቀው ቁጥር ነው፤ የወር ስም አይደለም። ይህን ሁሉ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሆኖም ውድድር ላይ የሚጠፋው ነጥብ በአብዛኛው እዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ገምቱ። 13 ወር አለ፣ የሳምንቱ ቀን 7 ነው፤ ለአንድ ቀን ሁለት ገደማ ወር ይደርሰዋል። ስለዚህ መልሳችሁ 6 ከመጣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ግምቱ ትክክል መሆን የለበትም፤ ስትስቱ ያስነቃችኋል።

አሁን ሥሩ። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለው 30 ቀን ነው። 28ቱ አራት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ቀኑን አይቀይረውም። የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ስለዚህ ጥቅምት 1 ከሐሙስ ሁለት ቀን ወደ ፊት፣ ቅዳሜ ነው። ኅዳር 1 ሰኞ። እንዲህ ሁለት ሁለት እየዘለላችሁ ደርድሩ፦

መስከረም ሐሙስ፣ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ፣ መጋቢት ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሐሙስ፣ ግንቦት ቅዳሜ፣ ሰኔ ሰኞ፣ ሐምሌ ረቡዕ፣ ነሐሴ ዓርብ፣ ጳጉሜን እሑድ።

የካቲትና ጳጉሜን። መልሱ 2 ነው። ነሐሴ ላይ ያቆመ ሰው 1 ብሎ ይጽፋል፣ ምርጫዎቹ መካከልም 1 እንደምትኖር አትጠራጠሩ። የፈተና አውጪዎች ተማሪ የት እንደሚሳሳት ያውቃሉ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ "ጨረስኩ" ይላል። እኔ ግማሹ ላይ ነን እላለሁ።

አረጋግጡ፤ ግን የሠራችሁትን ያንኑ መንገድ ደግማችሁ አትሂዱበት። ስህተት ካለ ደግማችሁ ትሳሳቱታላችሁ። በሌላ መንገድ እዩት። በወር ሁለት ቀን ከተገፋ በሰባት ወር 14 ቀን ይገፋል፤ 14 ደግሞ ሁለት ሙሉ ሳምንት ነው። ስለዚህ በሰባት ወር የሚራራቁ ወራት በአንድ ቀን ይጀምራሉ። ከየካቲት ሰባት ወር ብትቆጥሩ ጳጉሜን ላይ ትደርሳላችሁ። ገጠመ። ቤት ውስጥ የ2018 ካላንደር ካለም ተነስታችሁ እዩ።

ከዚያ ጥያቄውን ነካኩት። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ወር ብቻ የሚጀምርበት ቀን አለ? ዝርዝሩን ተመልከቱ፦ ማክሰኞ። መጋቢት ብቻ ናት። ሌሎቹ ስድስት ቀናት ሁለት ሁለት ወር አላቸው። ምክንያቱም 13 ማለት ሁለት ጊዜ ሰባት ሲቀነስ አንድ ነው። ታዲያ ምንም ወር እሑድ የማይጀምርበት ዓመት ሊኖር ይችላል? አይችልም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ያሉት ሰባት ወራት ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሰባቱንም ቀናት ይነካሉ፤ መስከረም 1 በየትኛውም ቀን ይዋል። ወሩ 28 ቀን ቢሆንስ? ሁሉም ወር በአንድ ቀን ይጀምር ነበር። 31 ቢሆንስ? እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1ስ? 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ፣ ዓርብ።

አያችሁ፣ አንዲት ጥያቄ የቀሪን ሒሳብ በሙሉ አስተማረች። ይህን የገባው ልጅ "የ7 ሃምሳኛ ኃይል የመጨረሻ አሃዝ ስንት ነው?" ሲባል አይደነግጥም። 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በአራት ይዞራል፤ 50 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ መልሱ 9።

በነገራችን ላይ ይህ ሒሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት፣ የተማረ የቆሎ ተማሪ በቀሪ ሲያሰላ ነው የሚውለው። ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት) ለ19 አካፍሎ ከቀሪው አንድ ይቀንስና ወንበር ይለዋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው (ሠላሳ ሠላሳውን ጥሎ ቀሪውን ሲይዝ) አበቅቴ ይወጣል፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዕ። ለ2018 ዓመተ ዓለሙ 5500 + 2018 = 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፣ ወንበሩ 12። አበቅቴው 132 በ30 ተገድፎ 12፣ መጥቅዑ 228 በ30 ተገድፎ 18። ድምራቸው 30። በየዓመቱ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው? ለክበባችሁ ግሩም ጥያቄ ነው። ፍንጩ 11 + 19 ላይ ነው። ስታስረዱ ወንበሩ ዜሮ የሚሆንበትን ዓመት ለብቻው ማየት አትርሱ።

ሲያቅት ምን ይደረጋል?

ሁለተኛ ጥያቄ።

"አንድ ሱቅ እስክሪብቶ የሚሸጠው በባለ 5 እና በባለ 8 እሽግ ብቻ ነው። እሽግ አይፈታም። በትክክል ሊገዛ የማይችለው ትልቁ የእስክሪብቶ ብዛት ስንት ነው?"

አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ ቀመር ይፈልጋል። ቀመር የለውም፣ ወይም አለው እሱ ግን አያውቀውም። ያኔ እርሳሱን ማኘክ ይጀምራል። ቀመር ካልመጣ እጃችሁን አሠሩ። ከትንሹ ጀምራችሁ የሚገዛውን ጻፉ፦ 5፣ 8፣ 10፣ 13፣ 15፣ 16፣ 18፣ 20፣ 21፣ 23፣ 24፣ 25፣ 26…

23፣ 24፣ 25፣ 26። አራት ተከታታይ። እዚህ ላይ የቸኮለ "ከዚህ በኋላማ ሁሉም ይሆናል" ብሎ ወደ ኋላ ይመለስና 22 ብሎ ይመልሳል። 27ን ሞክሩት። 27 ሲቀነስ 8 ይሆናል 19፣ ሲቀነስ 16 ይሆናል 11፣ ሲቀነስ 24 ይሆናል 3። አንዳቸውም የ5 ብዜት አይደሉም፤ 27 ራሱም አይደለም። አይገዛም!

ቀጥሉ፦ 28 = 20 + 8፣ 29 = 5 + 24፣ 30፣ 31 = 15 + 16፣ 32። አሁን አምስት ተከታታይ አገኘን። አሁን ግን እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ለምን? በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ባለ 5 እሽግ ብትጨምሩ 33፣ 34፣ 35፣ 36፣ 37 ይመጣሉ። ደግሞ ጨምሩ፣ ሌላ አምስት። ክፍተት የለም። አራት ተከታታይ ያልበቃው አምስተኛው ቦታ ክፍት ስለሚቀር ነው። መልሱ 27።

ከላይ ባለው አንቀጽ ላይ ያለው "ለምን" ከመልሱ ይበልጣል። ኦሊምፒያድ ላይ ነጥብ የሚሰጠው ለእሱ ነው። በደብተራችሁም መልስ ስትጽፉ ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር "ምክንያቱም" ብላችሁ የመጻፍ ልማድ ይኑራችሁ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፤ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን።

አሁንም ነካኩት። እሽጎቹ 3 እና 7 ቢሆኑ? 11። 4 እና 5 ቢሆኑ? እሱም 11። 3 እና 8? 13። ከሁለቱ ቁጥሮች መልሱ እንዴት እንደሚወጣ እስክታዩ ጥቂት ጥንዶች ጨምሩ። 4 እና 6 ስትሞክሩ ግን ሕጉ ይፈርሳል። ለምን እንደሚፈርስ ካወቃችሁ ጥያቄው አልቋል።

ትንሽ ቁጥር መሞከር ከሁሉ በፊት የሚመዘዝ መሣሪያ ነው። አሥር ሰዎች እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል ሲባል ከሁለት ሰው ጀምሩ፦ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ እያለ 45 ይደርሳል። ከመጨረሻው ወደ ኋላ መሥራትም አለ። ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል ነው ወይስ ጎዶሎ ብሎ ማየትም አለ። የጂኦሜትሪ ጥያቄ ከሆነ ሥዕሉን ትልቅ አድርጋችሁ ሣሉት፤ ጎኖቹ እኩል ናቸው ካልተባለ እኩል አስመስላችሁ አትሣሉ፣ ዓይናችሁ ያታልላችኋል።

ምን ያህል መታገል? ለአጫጭር ጥያቄዎች ሃያ ሠላሳ ደቂቃ። ለኦሊምፒያድ ጥያቄ አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢያድር ምንም አይደለም። ተነስታችሁ እራት ብሉ፣ ተኙ። በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ድንገት ብልጭ ይልላችኋል። ይህ የሚሆነው ግን ማታ የምር ታግላችሁት ከሆነ ነው።

መልስ ማየትም አሠራር አለው

ታግላችሁ ካልሆነ መልሱን እዩ። ነውር የለውም። ግን ሙሉውን አትግለጡት። በወረቀት ሸፍኑትና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቡ። ከዚያ ራሳችሁ ቀጥሉ። ካልሄደ ሁለተኛውን መስመር። ብዙ ጊዜ የጎደላችሁ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሙሉውን አንብባችሁ ከተረዳችሁም ገና አልሠራችሁትም። ዝጉት። በማግስቱ ምንም ሳታዩ ከባዶ ወረቀት ጀምራችሁ ጻፉት። መሃል ላይ ከቆማችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፣ ሸምድዳችሁት ነበር። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ሠሪው የመጀመሪያውን እርምጃ እንዲያስብ ያደረገው ጥያቄው ውስጥ ያለው የትኛው ቃል ወይም ቁጥር ነው? ሌላ ጊዜ እሱን ስታዩ ትነቃላችሁ።

ጥያቄውን ፎቶ አንስተው መልስ የሚሰጡትን አፖች በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ለማረጋገጫ ይሁኑ፣ እሱም ከሠራችሁ በኋላ። ውድድር ላይ ስልክ አይገባም።

የስህተት ደብተር

ከተለማመዳችሁበት ደብተር ሌላ አንድ ቀጭን ደብተር ይኑራችሁ። የሚጻፍበት የተሳሳታችሁት ብቻ ነው። አጻጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን እዩ።

"መኪናው ከአዲስ አበባ አዳማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ደረሰ። በዚያው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተመለሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?"

ተማሪዋ 50 አለች። መልሱ 48 ነው። ደብተሯ ላይ "መልሱ 48 ነው፣ መጠንቀቅ አለብኝ" ብላ ከጻፈች ምንም አልጻፈችም። እንዲህ ትጻፍ፦ "ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሬ ለ2 አካፈልኩ። ግን በ40 ሲሄድ የቆየው ጊዜ ይረዝማል፣ ስለዚህ አማካዩ ወደ 40 ያደላል። ርቀቱን 120 ብለው፣ መሄጃ 3 ሰዓት፣ መመለሻ 2 ሰዓት። 240 ለ5፣ 48። ሁልጊዜ ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ።" ይህን ከወር በኋላ ብታነበው ራሷ ራሷን ታስተምራለች።

"ኬርለስ ነው" (በግድየለሽነት ነው) ብሎ ማለፍ ክልክል ይሁን። ኬርለስ የሚባል አንድ በሽታ የለም። የራሳችሁ 6 እና 0 ይመሳሰላል? የመቀነስ ምልክት ትጥላላችሁ? ደቂቃና ሰዓት ታደባልቃላችሁ? ከ10 እስከ 50 ያሉትን ሁለቱንም ጨምሮ ሲባል 40 ትላላችሁ? መልሱ 41 ነው። ምን እንደሆነ በስሙ ጻፉት። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ አንዱ ስህተት ደጋግሞ ሲመጣ ታያላችሁ። ልምምዳችሁ ወደዚያ ይዙር።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ የሚመጣላችሁ ደግሞ ጥቂት ቃላትን በቀይ እስክሪብቶ አስምሩ፦ አት ሊስት (ቢያንስ)፣ አት ሞስት (ቢበዛ)፣ ዲስቲንክት (የተለያዩ)፣ ኢንክሉሲቭ (ሁለቱንም ጫፍ ጨምሮ)፣ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)። ሒሳቡን እየቻለ በእነዚህ የሚወድቅ ብዙ ነው።

ሰዓት ይዞ መሥራት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ያለ ሰዓት ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። በአዘቦት ቀን አንድ ሁለት ጥያቄ ተረጋግታችሁ ሥሩ፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ሙሉ ፈተና ሰዓት ሞልታችሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን።

ኤኤምሲ 8 ላይ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው 96 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በሁለት ዙር ሂዱ። በመጀመሪያው ዙር የሚታያችሁን ብቻ እየሠራችሁ እለፉ፣ የተዘለለውን ክበብ አድርጉበት። በሁለተኛው ዙር ተመለሱ። ስህተት ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ ትታችሁ አትውጡ፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ የቀሩትን ሁሉ ሙሉ።

ወደ ኤኤምሲ 10 እና 12 ስትሻገሩ ደንቡ ይለያል፣ እዚያ ብዙ ልጆች ነጥብ ያፈሳሉ። 25 ጥያቄ በ75 ደቂቃ ነው። ትክክለኛ መልስ 6 ነጥብ፣ ባዶ 1.5፣ ስህተት 0። በጭፍን ከአምስት ምርጫ አንዱን ብታጠቁሩ በአማካይ የምታገኙት 6 ለ5፣ ማለትም 1.2 ነው። ባዶ መተው ይሻላል። አንዱን ምርጫ በእርግጠኝነት ከጣላችሁ 6 ለ4፣ 1.5፤ እኩል ነው። ሁለቱን ከጣላችሁ 6 ለ3፣ 2 ይሆናል፤ ያኔ ገምቱ። ይህ ራሱ ቆንጆ የውድድር ጥያቄ ነው።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ውጤቱን ብቻ ቆጥራችሁ አትዝጉት። ያልደረሳችሁባቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ሥሯቸው። ሰዓት ሲነሳ ከቻላችኋቸው ችግሩ ፍጥነት ነው፤ አሁንም ካልቻላችኋቸው ሐሳቡ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ለፍጥነት የቃል ስሌት ተለማመዱ፤ እስከ 15 ያለው ብዜትና እስከ 25 ያሉት ቁጥሮች ካሬዎች በቃል ይያዙ። ለሐሳብ ደግሞ ወደ ላይ ያየነው ዓይነት ቀስ ያለ ሥራ።

ሰው ፊት ማስረዳት

ጓደኛ ካላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይምረጥና ሰሌዳ ላይ ያስረዳ። ሌሎቹ "ለምን?" እያሉ ያፋጡት። ስታስረዱ የምትንተባተቡበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

ወላጆችም፣ ሒሳብ ባትችሉም ትረዳላችሁ። "ስንት ሠራህ?" የሚለውን ተዉትና "እስቲ አንዷን አስረዳኝ" በሉት። እናት ሽንኩርት እየከተፈች ልጇ ስለ እስክሪብቶ እሽጎቹ ቢያስረዳት፣ እሷም "አራቱ ካልበቃ አምስቱ ለምን በቃ?" ብትለው፣ ከአንድ ሰዓት አስጠኚ ያላነሰ ጥቅም አለው።

የመጨረሻው ሳምንትና ከውድድሩ በኋላ

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ከባድ ጥያቄ አትጀምሩ። የስህተት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ፣ ከእሱ ውስጥ ጥቂቱን በባዶ ወረቀት ድገሙ። አንድ ሙሉ ፈተና ሥሩ፣ ከተቻለ ውድድሩ በሚደረግበት ሰዓት። የቃል ውድድር ከሆነ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሱ። ዋዜማው ላይ በጊዜ ተኙ።

ውድድሩ ሲያልቅ ያሸነፈም የተሸነፈም ወዲያው ይበተናል። እናንተ ያን ዕለት ማታ ተቀመጡና ያቃቷችሁን ጥያቄዎች እያስታወሳችሁ ወደ ደብተር አስፍሩ። በተለይ የመድረክ ጥያቄዎች በወረቀት ስለማይሰጡ በማግስቱ ግማሹ ይረሳል። ከቡድን ጓደኞቻችሁ ጋር ተደዋወሉ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ይይዘዋል። የሚቀጥለው ዓመት ልምምድ ከእነዚያ ጥያቄዎች ይጀመራል።